ቨርኒስ ሆሊመንን ፖሊስ ያስቆማት ቀን

ቨርኒስ ሆሊመን ሃያ ዘጠኝ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ አንድም ቀን ፖሊስ አስቁሟት አያውቅም። ይህን የምትናገረው በኩራት ነው፤ ሚሺጋን ግዛት አድሪያን ከተማ ውስጥ ደግሞ ከአፏ ያልሰማው ሰው የለም። ቢጫ አውቶቡሷን ይዛ ስትሄድ ከኋላዋ የተሰለፈ ሁሉ ጥሩምባውን ቢያስጮህ ዞር ብላ አታይም ነበር። ስልሳ ልጅ የሚንጫጫበትን አውቶቡስ ድምፅዋን ሳታሰማ፣ በመስታወቱ ውስጥ ቅንድቧን ብቻ ከፍ አድርጋ ጸጥ ታሰኘዋለች። እነዚያ ልጆች ዛሬ ልጆች ወልደው እንኳ ሱቅ ውስጥ ድንገት ሲያገኟት ሳያስቡት ወገባቸውን ያቀናሉ።

የሽጉጥን ነገር ቤት ያመጣው ባሏ ኤልሮይ ነው። ኤልሮይ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢላማ ተኩስ ሜዳ ካልሄደ ሳምንቱ ያለቀ አይመስለውም ነበር፤ እሷ አብራው ትሄድና መኪና ውስጥ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። እሱ ሲሞት የተኩስ ክለብ አባልነቱ ገና ስምንት ወር ይቀረው ስለነበር፣ ዝም ብሎ ከሚቃጠል ብላ በእሱ ቦታ ሄደች። የሹራብ እጅ ለካ አይንቀጠቀጥም። በበልግ መጨረሻ በሚደረገው ውድድር ሽልማቱ የተጠበሰ የአሳማ ጭን ነበር፤ ቨርኒስ አራት ዓመት በተከታታይ ወሰደችው። በአምስተኛው ዓመት ወንዶቹ ተሰብስበው አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳያሸንፍ የሚል ደንብ አወጡ። እሷም ደንቡን ቆማ አነበበች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ወዲያ አስተማሪ ሆነች።

ትምህርቱ የሚሰጠው በወር አንድ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናቸው ምድር ቤት አዳራሽ ነው። ሽጉጥ ሸሽጎ ለመታጠቅ ፈቃድ የሚፈልጉ ይመጣሉ፤ ነርሶች፣ ፀጉር ሠሪዎች፣ አንዳንዴ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሽማግሌ ባልና ሚስት። አዳራሹ ውስጥ ሽጉጥ አይገባም፤ እዚያ ወሬ ብቻ ነው፣ ተኩሱ በማግስቱ ሜዳ ላይ ነው። ከትምህርቱ ሁሉ ቨርኒስ የምትወደው ሰዎችን ፖሊስ መኪናቸውን ሲያስቆም ምን እንደሚሉ የምታለማምድበትን ክፍል ነው። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ታስቀምጣለች፤ ያ መኪናው ነው። ተማሪውን እዚያ ላይ ታስቀምጥና የኤልሮይን አሮጌ ባርኔጣ ደፍታ፣ የእጅ ባትሪ ይዛ፣ ፖሊስ ሆና ትመጣለች።

"መስኮት ታች፣ እጅ መሪ ላይ" ትላለች። "ገና ምንም ሳይጠይቃችሁ እንዲህ ትላላችሁ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመታጠቅ ፈቃድ አለኝ፤ ሽጉጥም ይዣለሁ። ያለው እዚህ ጋ ነው። ምን እንዳደርግ ይፈልጋሉ? አለቀ። ሽጉጥ የሚለውን ቃል ፈቃድ ከሚለው እንዳታስቀድሙት።"

ሻንድራ የምትባል ፀጉር ሠሪ ነበረች። የባትሪው ብርሃን ፊቷ ላይ ሲያርፍ ሁልጊዜ ዓረፍተ ነገሩ ይገለበጥባታል። "ሽጉጥ! ጤና ይስጥልኝ!" ትላለች። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ቨርኒስ ግን ሳትስቅ፣ "አንቺን ገና በሰላምታሽ ያስሩሻል። እንደገና" ትላታለች።

በዚህ ጉዳይ ቨርኒስን የሚቃወማት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ታላቅ ወንድሟ ሉሸስ ነው። ሉሸስ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ከግዛቱ ድንበር ማዶ፣ ኦሃዮ ግዛት ቶሊዶ ከተማ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት መስታወት ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ነው። እሱም ፈቃድ አለው፤ እሱም ይታጠቃል። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ይደውልላትና ይለክፋታል።

"ትናንትስ ስንቱን ሰው አስለፈለፍሽ?"

"አሥራ አንድ።"

"እግዚአብሔር ይሁናቸው። ያልተጠየቀ ሰው ምን ይናገራል? እኛ ጋ ሕጉ ራሱ ወደ እኔ ሐሳብ መጥቷል። ከጠየቁኝ እመልሳለሁ፣ ካልጠየቁኝ የለሁበትም።"

"እኛ ጋ ግን መጀመሪያ መናገር ግዴታ ነው።"

"ለዚህ ነዋ እዚያ የማልኖረው።"

በዚህ ዓይነት ስምንት ዓመት ተከራክረዋል። ቨርኒስ ወንድሟ ለመከራከር ሲል ብቻ የሚከራከር ይመስላት ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነውና።

በሰኔ ወር መጨረሻ የሆሊመን ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ሐይቅ ዳር ይሰበሰባል። ሉሸስ ቨርኒስን ሊወስዳት ከቶሊዶ መጣ። መኪናው ከእሱ እኩል የሸመገለ፣ ረጅም፣ ጣሪያው ቆዳ በሚመስል ነገር የተለበጠ አውቶሞቢል ነው። የዕቃ መጫኛው ውስጥ በበረዶ የተቀበረ አንድ ሣጥን አምባዛ አለ፤ የኋላ ወንበሩ ላይ የእሷ የድንች ሰላጣ በቀበቶ ታስሮ ተቀምጧል። ኮክ በሊጥ ተከድኖ የተጋገረበትን ትልቁን የመስታወት ሳህን ግን ለማንም አላመነችውም፤ ገና ከምድጃ እንደወጣ በወፍራም ፎጣ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቦርሳዋ እግሯ ስር ነው።

ጥቂት እንደተጓዙ ዓይኗ የወንድሟ ወገብ ላይ አረፈ።

"ሉሸስ፣ ያ ነገር ወገብህ ላይ ነው?"

"ሱሪዬን የያዘልኝ ቀበቶ ነው።"

"ሉሸስ።"

"አዎ፣ ነው። ምነው፣ ዓሣው ላይ እንዳልተኩስ ፈራሽ?"

"ካስቆሙህ መጀመሪያ ትናገራለህ። ድንበሩን ካለፍክ ቆይተሃል፤ ያለኸው ሚሺጋን ነው።"

"ሽጉጡ አላወቀም። ቶሊዶ ያለ ይመስለዋል።"

"ቀልዴን አይደለም።"

"እኔም ቀልዴን አይደለም" አለ ሉሸስ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ። "ሕጉን ቀይሪው፣ አትቀይሪው፣ መስኮቱ ጋ የሚመጣው ሰው ያው ሰው ነው። እሱን ማን ቀየረልሽ?"

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ከኋላቸው ሳይረን ጮኸ።

ሉሸስ መኪናውን ወደ ዳር አወጣ። ሞተሩን አጠፋ። ሁለቱንም መስኮቶች አወረደና እጆቹን መሪው ላይ አደረገ። ቨርኒስ በልቧ ጥሩ ማርክ ሰጠችው። በሾፌሩ በኩል የሚመጣውን ፖሊስ ስትጠብቅ ጠጠሩ የተንኮሻኮሸው በእሷ በኩል ነበር። የአውራጃው ፖሊስ ነበረች፤ ፊቷ በጠቃጠቆ የተሞላ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ወጣት። ደረቷ ላይ ያለው ስም ሬድከር ይላል። ጎንበስ ብላ በቨርኒስ መስኮት በኩል ወደ ውስጥ አየች።

ቨርኒስ ስምንት ዓመት ሙሉ ፖሊሱ ራሷ ነበረች። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነበር። አሁን ያንን ዓረፍተ ነገር ፈለገችው፣ አጣችው፣ እንደገና ያዘችው፣ ያዘችው ሲመስላት እንዲህ ሆኖ ወጣ፦

"ጤና ይስጥልኝ። የኮክ ጣፋጭ ይዣለሁ። ያለው ጭኔ ላይ ነው። ምን እንዳደርግ ይፈልጋሉ?"

ፖሊሷ ሳህኑን አየች፤ ቨርኒስን አየች። "እ... እዚያው ይሁን፣ እመቤቴ" አለች። "ሽታው እዚህ ድረስ ነው። ያስቆምኳችሁ የግራ የኋላ መብራታችሁ ስለማይሠራ ነው።"

 ሌላ ጊዜ ቢሆን ሉሸስ ይህን የመሰለ ነገር ሰምቶ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ለከፋ ያወጣበት ነበር። ቨርኒስ ዞር ብላ አየችው። እጆቹ መሪው ላይ ናቸው፤ የጋለ መስታወት ሠላሳ አራት ዓመት ያገላበጡት እነዚያ ትልልቅ እጆች ይንቀጠቀጡ ነበር። ወንድሟ ሲንቀጠቀጥ አይታ አታውቅም፤ እናታቸውን ሲቀብሩ እንኳ። ይህን ስታይ የራሷ ድንጋጤ ለቀቃት።

"ይቅርታ፣ አፌ ተሳስቶ ነው" አለች ቀስ ብላ። "የመታጠቅ ፈቃድ አለኝ፤ ሽጉጥም ይዣለሁ። እግሬ ስር ያለው ቦርሳ ውስጥ ነው። ፈቃዱም እዚያው ነው።" የመጨረሻውን ስትናገር አፈረች። ፈቃዳችሁንና ሽጉጣችሁን አንድ ቦታ እንዳታስቀምጡ ብላ ስንቱን ሰው ተቆጥታለች።

"እሺ። ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ቦርሳው እዚያው ይቀመጥ" አለች ፖሊሷ፤ ድምፅዋ አልተለወጠም፣ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቆመች። "መኪናው ውስጥ ሌላ መሣሪያ አለ?"

ጥያቄው መጣ። በሚሺጋኑም ሕግ በኦሃዮውም፣ በሉሸስ በራሱም ሕግ ቢሆን አሁን መመለስ ነበረበት። ሉሸስ ግን ዓይኑን ከፊቱ መስታወት አላነሳም። አንድ የጭነት መኪና አልፎ አውቶሞቢሉን አወዛወዘው።

"ሉሸስ" አለች ቨርኒስ። ሁለቱም ልጆች ሳሉ በጠዋት ስትቀሰቅሰው በምትጠራው ድምፅ ነው የጠራችው።

"ቀኝ ወገቤ ላይ ነው" አለ ሉሸስ። "ፈቃድ አለኝ። እጄን አላንቀሳቅስም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። መሬት ላይ ተኛ አትበይኝ። ጉልበቴ አይችልም።"

 ቨርኒስ ወንድሟ ያለው ነገር ከየት እንደመጣ አላወቀችም።

"አባባ" አለች ፖሊሷ፣ "ዛሬ ማንም መሬት ላይ አይተኛም። እጅዎን እንዳሉት እዚያው ያቆዩልኝ። የኪስ ቦርሳዎ የት ነው?"

"ከሽጉጡ ስር፣ ቀኝ ኪሴ ውስጥ።"

"እንግዲያስ አንነካውም። ስማችሁንና የተወለዳችሁበትን ቀን ንገሩኝ፣ እኔ ራሴ አጣራለሁ። የመኪናውን ወረቀት ብቻ ስጡኝ።"

ወረቀቱ ያለው ከቨርኒስ ጉልበት ፊት ካለው ሣጥን ውስጥ ነበር። ሣጥኑ ደግሞ በሳህኑ ምክንያት አይከፈትም። ፖሊሷ ትንሽ አሰበችና "ይስጡኝ" ብላ ሳህኑን ከነፎጣው በመስኮቱ ተቀበለች፤ የመኪናው ጣሪያ ላይ አኖረችው።

"አሁን ቀኝ እጄ ሣጥኑን ሊከፍት ነው" አለች ቨርኒስ ጮክ ብላ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታደርገው። "አሁን እየከፈተ ነው። አሁን ከረሜላ አገኘ። ይሄ መነጽር ነው። ይሄም መነጽር ነው። ሉሸስ፣ ስንት መነጽር ነው ያለህ? ወረቀቱን አገኘሁ።"

ፖሊሷ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ወረቀቱን ይዛ ሄደች፣ ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። ቅጣት አልጻፈችም፤ መብራቱን እንዲያሠሩ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጠቻቸው። ከዚያ በቨርኒስ በኩል አንገቷን ዘልቃ ለሉሸስ እንዲህ አለችው፦ "እኛ ጋ ሳይጠየቁ መናገር ግዴታ ነው፣ አባባ። ዛሬ አልፈዋለሁ። ሌላ ጊዜ ቶሎ ይንገሩን፤ እኔም እኮ እፈራለሁ።"

ሉሸስ ራሱን ነቀነቀ። ሞተሩን አስነሳ። እንደ ልማዱ በእግረኛ ፍጥነት ወደ መንገዱ ገባ። የእግር ኳስ ሜዳ ያህል እንኳ ሳይርቁ ሳይረኑ እንደገና ጮኸ።

"አሁን ደግሞ ምን አደረግን?" አለች ቨርኒስ።

ሉሸስ መኪናውን አቆመ። ይህን ጊዜ ፖሊሷ በእሱ በኩል መጣች፤ እየሮጠች ነበር። እሱ ግን መስኮቱ ጋ እስክትደርስ አልጠበቀም። እጆቹን መሪው ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ መንገዱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "ጤና ይስጥልኝ! የመታጠቅ ፈቃድ አለኝ፤ ሽጉጥም ይዣለሁ። ያለው ቀኝ ወገቤ ላይ ነው። ምን እንዳደርግ ትፈልጊያለሽ?" አለ።

ፖሊሷ ትንፋሿን እስክትሰበስብ መስኮቱን ተደገፈች።

"አውቃለሁ፣ አባባ" አለች። "ኮኩ ጣሪያው ላይ ነው።"

የቆዳው ልባስ ሳህኑን አጥብቆ ይዞት ነበር። ወደ ኋላ አንድ ክንድ ያህል ተንሸራቶ ቆሟል፤ ፎጣው ብቻ በአንድ ጫፉ ተንጠልጥሏል። ቨርኒስ ስትቀበላት ፖሊሷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ነበር፤ ሉሸስም መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ በትከሻው፣ ከዚያ በሙሉ ገላው ሳቀ። ቨርኒስ አንድ ጥግ ቆርሳ ልትሰጣት ብትል ፖሊሷ ሥራ ላይ ነኝ ብላ እምቢ አለች። ሳህኑን ግን ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየችው።

ሐይቁ ዳር ደርሰው ዓሣው ዘይት ውስጥ ሲንጫጫ፣ ልጆች ውሃ ውስጥ ሲረጫጩ፣ ቨርኒስ ወንድሟን ከሰዉ ነጥላ ዛፍ ስር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

"መሬት ላይ ያስተኛህ ማን ነው?"

 ሉሸስ ነገራት። ነገሩ የሆነው የዛሬ አርባ ዓመት ግድም ነው። ከሚስቱ ከኦዴሳና ከሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ጋር ወደ ደቡብ፣ ወደ ኦዴሳ ወላጆች አገር ይነዳ ነበር። ሽጉጡ ሕጋዊ ነው፣ ወረቀቱም አብሮት ነበር። ፖሊስ ሲያስቆመው እንደ ጨዋ ሰው፣ ሳይጠየቅ፣ ሽጉጥ አለኝ ብሎ ተናገረ። ቃሉን ሳይጨርስ ከመኪናው ጎትተው አወጡት። በሐምሌ ፀሐይ በጋለ አስፋልት ላይ በግንባሩ አስተኙት። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ወረቀቱም ሽጉጡም ትክክል ነው ተባለ፤ አቧራውን አራግፎ እንዲሄድ ነገሩት፣ መልካም ቀንም ተመኙለት። ልጆቹ በኋለኛው መስታወት ሲያዩ ነበር።

"ለእናታችን እንኳ አልነገርኩም" አለ ሉሸስ። "ከኦዴሳም ጋር አንድ ቀን አላነሳነውም።"

ቨርኒስ እጁን ያዘችው። ስምንት ዓመት በስልክ ስትከራከረው፣ ስትስቅበት፣ ያ አስፋልት እሱ ውስጥ ነበር። የምታስተምረውን ዓረፍተ ነገር እሱ ከእሷ በፊት፣ ማንም ሳያስተምረው፣ በትክክል ብሎታል። ቢሆንም ቨርኒስ ናትና ብዙ ሳትቆይ፣

"ክፍሌ መጥተህ ትናገራለህ" አለችው።

"አልመጣም።"

"በመስከረም።"

"ቨርኒስ፣ ጆሮሽ ይሰማል? አልመጣም አልኩሽ።"

በመስከረም መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ወንበር ለአህያ እንጂ ለሰው አልተሠራም እያለ፣ የራሱን ትራስ በብብቱ ይዞ ገባ። ከኦሃዮ ሌላ ጥግ ታላቋ ልጁ ሬኒታም መጥታ ነበር፤ አክስቷ ደውላ ነው የጠራቻት፣ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረቻትም። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ኋላ ረድፍ ላይ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

ሉሸስ ሁለቱ ወንበሮች ካሉበት ቦታ ሆኖ ታሪኩን ተናገረ። አላስጌጠውም። ሲጨርስ ሻንድራ እጇን አወጣች፤ ፈቃዷን ከወሰደች ወራት ቢያልፉም ለመሳቅ ስትል ትመጣ ነበር።

"ታዲያ ልንገር ወይስ አልንገር?"

"ንገሪ" አለች ቨርኒስ።

"ቆይ፣ እኔን ነው የጠየቀችው" አለ ሉሸስ። "ንገሪ። ግን አፍሽን ከመክፈትሽ በፊት እጅሽ የት እንዳለ እዪ። ቀስ ብለሽ ንገሪ። ነግረሽውም ክፉ ሊሆን ይችላል፤ ያ የእሱ ነው፣ አንቺ ያጠፋሽ እንዳይመስልሽ። እኔ አርባ ዓመት ያጠፋሁ እየመሰለኝ ነው የኖርኩት።"

"ድንበር ሲሻገሩስ?" አለ አንድ ሽማግሌ።

"እዚያም ቢናገሩ ይሻላል" አለች ቨርኒስ።

"እዚያ ካልጠየቁ ዝም" አለ ሉሸስ። በዚህ ላይ ሁለቱ ተማሪው ፊት ሩብ ሰዓት ተጨቃጨቁ፤ ሽማግሌው ሁለቱንም ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ሬኒታ ወደ አባቷ መጣች። ካፖርቷን አሁንም አላወለቀችም።

"መኪና እቆጥር ነበር" አለችው። "አንተን ላለማየት፣ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ። እማዬ ስታለቅስ እኔ እቆጥራለሁ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ደርሻለሁ። እስከ ዛሬ ቁጥሩ አልወጣልኝም።"

ሉሸስ ብድግ ብሎ ካፖርቷን ከትከሻዋ ላይ አወለቀላት፣ የወንበሩ መደገፊያ ላይ አንጠለጠለው፣ ከዚያ አቀፋት። ቨርኒስ ሌሎቹን ወደ ምግቡ ጠረጴዛ ነዳቻቸው፤ አውቶቡስ ትነዳ በነበረበት ዘመን ልጆቹን በምትነዳበት ቅንድብ።

ከዚያ ወዲህ ሉሸስ በየወሩ ይመጣል። ባርኔጣውንና ባትሪውን ከእህቱ ተረክቦ ፖሊሱ እሱ ሆኗል፤ አንዳንዴ ደግ፣ አንዳንዴ ቁጡ፣ አንዳንዴም ምሳ ያልበላ ፖሊስ ይሆናል። ተማሪዎቹ የትኛው እንደሚመጣ አስቀድመው አያውቁም። ቨርኒስ ይህ መልካም ዘዴ መሆኑን ታምናለች፤ ለእሱ ግን እስካሁን አልነገረችውም።